በሞቴ አትብዪ

መዲና ከዐረብ አገር ተመልሳ አጅባር ላይ ሱቅ መክፈቷን የነገረችኝ እናቴ ናት። ወሬውን የሰማችው ገበያ ነው። ቤት ስትደርስ ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ፣ ነጠላዋን ሳታወርድ ነገረችኝና ቆማ ፊቴን ታጠና ጀመር።

“ትሄጂ ይሆን፣ የሺ?” አለችኝ።

“የት?”

“የት ትለኛለች እንዴ! አጅባር ነዋ።”

“አልሄድም።”

“አልሃምዱሊላህ!” አለችና ዘንቢሏን አስቀመጠች።

እናቴ የማርያም ጽዋ ማኅበርተኛ ናት፤ ሰንበቴም አይቀርባት። ነገር ግን የኛ አገር ሰው ሲደሰትም ሲደነግጥም የየትኛው ሃይማኖት ቃል ቀድሞ ከአፉ እንደሚወጣ እሱም አያውቅ። ያስደሰታት ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ከመካነ ሰላም እስከ ወግዲ ስለ መዲና የሚያወራ ሰው ሁሉ ከጾሙ ይጀምራል፣ በጾሙም ይጨርሳል። እኔ ግን የማውቃት ከጾሙ በፊት ነው፤ ስለዚህ ከሳቋ ልጀምር።

መዲና ስትስቅ ድምፅ አታሰማም ነበር። የሻርፗን ጫፍ ትነክስና ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ያን ያየ ሰው የሚያስቀው ነገር ምን እንደሆነ ሳያውቅ አብሯት ይስቃል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፍንጭት ነበረች። የወረዳ ባለሥልጣናትን ንግግር፣ የአስተማሪዎቻችንን አረማመድ አሳምራ ታስመስላለች። አንድ ቀን የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን እሱን ስታስመስል በር ላይ ቆሞ ሲያያት ቆየና፣ “እኔ ግን ትከሻዬ እንዲህ ነው እንዴ?” ብሎ እውነቱን ጠየቃት። “በትንሹ ቀንሼልዎት ነው፣ ቲቸር” አለችው።

ዘጠነኛ ክፍል ልትማር ነው ከወግዲ የመጣችው፤ አክስቷ እቴ ሐዋ ዘንድ ተቀመጠች። እቴ ሐዋ ከኛ ቤት ዝቅ ብሎ ሻርፕና ጋቢ የሚሸጡ፣ ያልወለዱ፣ ቁጣ የሚቀድማቸው፣ ከቁጣቸው በኋላ ደግሞ ያላቸውን ሁሉ የሚሰጡ ሴት ነበሩ። መዲና ክፍል በገባች በመጀመሪያው ሳምንት አጠገቤ የምትቀመጠውን ልጅ፣ “ተነሽ እስቲ፣ እዚህ የምቀመጠው እኔ ነኝ” አለቻት። ልጅቷ ተነሳች። መዲና ስታዝ እንደዚያ ነበር፤ ሰው መጀመሪያ ይታዘዛል፣ ለምን ብሎ የሚጠይቀው በኋላ ነው። ከዚያ ወደኔ ዞራ ስሜን ሳትጠይቀኝ፣ “ቤታችሁ ከእቴ ሐዋ በላይ ነው አይደል? እንግዲያ አብረን ነው የምንሄደው” አለችኝ። አብረን ሄድን። እሷ ትንሿን ጣቷን በትንሿ ጣቴ ቆልፋ ነበር የምትሄደው፤ ላስለቅቅ ብል እንኳ የማስለቅቅ አልነበርኩም።

የምትወደው አባባል ነበራት። “እኩል ካልሆንን ምኑን ጓደኛ ሆንነው!” ትላለች። ብስኩት ስትገምስ አንዱ ግማሽ ከበለጠ፣ የበለጠውን በጥርሷ ሸርፋ ታስተካክለዋለች፤ የሸረፈችውንም ትተፋዋለች እንጂ አትውጠውም። መጀመሪያ ላይ ይህ ነገር ያስቀኝ ነበር። በሒሳብ ፈተና ስበልጣት ግን ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ዋለች። በሚቀጥለው ፈተና የማውቃቸውን ጥያቄዎች ባዶ ተውኳቸው። ወረቀቱ ሲመለስ ባዶዎቹን አየቻቸው፣ ገባት፣ አቀፈችኝ። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ዩኒፎርሜን ስተኩስ የከሰሉ ካውያ አንጓዬን ለበለበኝ። በማግሥቱ መዲና እጅጌዋን ሰብስባ የራሷን አንጓ አሳየችኝ። በዚያው ቦታ፣ በዚያው መጠን ቆስሏል። “አሁን እኩል ነን” አለች። እናቴ ይህን ስትሰማ አማተበችና ከዚያች ልጅ ራቂ አለችኝ። እኔ ደግሞ በልቤ፣ እንዲህ የሚወደኝ ሰው ከየት አገኛለሁ እል ነበር። ወድጃት ነበር፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ከሌሎች ልጆች ጋር መጫወት አቆምኩ፣ እሷ የጠላችውን ጠላሁ፣ የሳቀችበትን ሳቅኩበት። እምቢ የሚባል ቃል ከአፌ ጠፋ። ሲጠፋ ታዲያ አልታወቀኝም።

እሺ የምታሰኘኝ በአንድ ቃል ነበር፤ በሞቴ። የኛ አገር ሰው በሞቴ የሚለው ሲያጎርስ ነው። ጠግቤያለሁ ብሎ የተሟገተ እንግዳ በሞቴ ከተባለ አፉን ከመክፈት በቀር ምን ያደርጋል? እምቢ ቢል ሙቺ እንደማለት ነው። መዲና ይህን ቃል ገልብጣ ያዘችው። ሰው በሞቴ ብሎ ያጠግባል፤ እሷ በሞቴ ብላ ታስርብ ነበር።

ጾሙ እንዲህ ሆነ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን ረመዳን ሁዳዴ ውስጥ ገባ። እስላሙም ክርስቲያኑም ባንድ ላይ ይጾማል፣ ሉካንዳው ተዘግቷል፣ ምግብ ቤቶቹ ጭር ብለዋል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ መዲና ቆመችና፣ “አንቺ የኔን ጹሚ፣ እኔ ያንቺን እጾማለሁ። እኩል” አለችኝ።

ስምምነቱ ይህ ነበር። ቀን እንደ እሷ እህል ውኃ አልቀምስም። ጀምበር ስትጠልቅ ደግሞ እሷ እንደኔ ወተት፣ ቅቤ፣ ሥጋ አትነካም። የመግሪብ አዛን ሲሰማ እቴ ሐዋ ቤት ለማፍጠር እንቀመጣለን። የቤቱ ሰው ሳምቡሳውን ሲያነሳ እኛ ጥግ ይዘን ተምርና ሽሮ እንቀምሳለን። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ያምር ነበር። እቴ ሐዋ “ማሻአላህ፣ ማሻአላህ” እያሉ ይመርቁናል። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አሮጊቶች መንገድ ላይ አስቁመው ግንባራችንን ይስሙናል። ገበያ ላይ ተምር የሚሸጡት ሽማግሌ፣ “እናንተ ናችሁ ያገር ሐድራ!” ብለው እፍኝ ሙሉ ሰጡን። ሐድራ ማለት በረከቱ፣ ሰላሙ ነው። ተመረቅን፣ ተሳምን፣ ዝናችን ወጣ።

ከዚያ መዲና መቀነስ ጀመረች። “ዛሬ ሽሮው ይቅር፣ ተምር ብቻ፤ በሞቴ።” ሌላ ቀን፣ “አንድ ተምር ለሁለት፤ በሞቴ አትብዪ።” ቀጥሎም ውኃ ብቻ። እሷም እኩል ትራብ ነበር፤ ይህን የዘነጋ ሰው መዲናን አያውቃትም። ጉንጯ ገባ፣ ዓይኗ ጎላ። ስንቆም ግድግዳ መያዝ ጀመርን፤ እሱንም ጨዋታ አደረግነው።

ትልልቆቹ እንዴት አላዩም ብሎ የሚጠይቅ የኛን ሰው ይሉኝታ የማያውቅ ነው። እናቴ እቴ ሐዋ ቤት በልታ መጣች ትላለች። እቴ ሐዋ ደግሞ እናቴ ቤት የጾም ወጥ ይጠብቃቸዋል፣ ሁለቱም እዚህ የማይበሉት ለዚህ ነው ይላሉ። አንዷ ወደ አንዷ ሄዳ፣ “ልጄ እናንተ ቤት ትበላለች ወይ?” ብላ እንዳትጠይቅ ነውር ነው፤ አላበላችሁልኝም ብሎ መክሰስ ይሆናል። ሁለት ለጋስ ቤት መሐል ነው የተራብኩት።

በመሐሉ ትምህርት ቤቱ ስለ መቻቻል በዓል አዘጋጀ። ከዞን እንግዳ ይመጣል ተባለ፤ ርዕሰ መምህሩም እኛን መረጡ። እኔ የእሷን ሻርፕ ለበስኩ፣ እሷ የእናቴን ነጠላ። መድረክ ላይ ወጣን። እንግዳው እጃችንን ወደ ላይ አንስተው፣ “ወሎ ማለት እነዚህ ናቸው!” ሲሉ ጭብጨባው ቀለጠ። ጭብጨባው ሲርቅ፣ ሲርቅ፣ የንብ ድምፅ ሲሆን ይታወቀኛል። ወደቅኩ።

ዓይኔ አይከፈት እንጂ ጆሮዬ ይሰማ ነበር። አንዷ ሴት፣ “መንፈስ ነው፣ ጸበል ውሰዷት!” አለች። አንዱ ደግሞ፣ “የለበሰችው ሻርፕ ነው፣ ጅን አግኝቷት ነው፤ ሼሁ ዱዓ ያድርጉላት” አለ። ባጃጅ ተጠራ። ጸበሉ በግራ ነው፣ የሼሁ ቤት በቀኝ። ባለ ባጃጁ ሞተሩን እንዳስነሳ፣ “ወዴት ልዙር ታዲያ?” ይላል። ማንንም ማስቀየም የማይወዱት ርዕሰ መምህር፣ “ሁለቱም ጋ እንሄዳለን፣ የትኛው ይቅደም የሚለውን እንወያይበት” አሉ። ከኋላ ያለች ሴት ደግሞ፣ “እንዲያውም ለጸበሉ ባዶ ሆድ መሆን አለባት፤ ምንም እንዳታቀምሷት!” አለች።

ይህን ጊዜ ነው መዲና የጮኸችው።

“ጅንም የለባት መንፈስም የለባት! ተርባ ነው! ርሃብ ነው! አትብዪ ያልኳት እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ፣ እኔ! ምነው እናንተ ሰዎች፣ የተራበ ሰው አይታችሁ አታውቁም?”

ያ ሁሉ የመረቀን፣ የሳመን፣ ያጨበጨበልን ሰው እዚያ ነበር። ዝም ብትል ኖሮ ማንም አያውቅባትም፤ የቅድስና ስሟ እንደተከበረ ይቀር ነበር። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ስሟን አውልቃ ጣለችልኝ። መዲናን ሳስታውስ ከጾሙ ይልቅ ይህን ጩኸቷን አስቀድማለሁ።

ባጃጁ ጤና ጣቢያ ወሰደን። ለኔ ግሉኮስ ተሰቀለልኝ። መዲና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ስትንቀጠቀጥ እቴ ሐዋ ስኳር በውኃ በጥብጠው መጡ። “ጾም ላይ ነኝ” አለች። እቴ ሐዋ አገጯን ጨብጠው አፏን ከፈቱት። “ጾም ለአላህ ነው! አንቺ የጾምሽው ለየሺ ነው፤ እንግዲህ የሺ ጀነት ታስገባሽ እንደሆነ እናያለን! ጠጪ!” አሏት። ጠጣች። እቴ ሐዋ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ።

ወሬ ግን መቼ ያርፋል። ከተማው ከመረቀበት አንደበት ሌላ ነገር ይወጣ ጀመር። በኛ በኩል፣ “ልታሰልማት ነበር” ተባለ። በነሱ በኩል ደግሞ ሁዳዴ ስትጾም አይተው፣ “ልታከፍራት ነበር” ተባለ። ሁለቱም ወሬ መሐል መንገድ ላይ ቢገናኙ ምን ሊሆን እንደሚችል አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል። የእቴ ሐዋን ሱቅ ደንበኛ ይሸሸው ጀመር።

እናቴ ወሬውን ከሰማች በኋላ ቀኑን እህል ሳትቀምስ ዋለች። አመሻሹ ላይ ሽሮዋን በድስት፣ ድፎ ዳቦዋን በሰፌድ አድርጋ ወደ እቴ ሐዋ ቤት ወረደች። ግቢ አልገባችም። ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም የሚመጣ ሁሉ በሚያልፍበት በራፉ ላይ አጎዛ አስነጥፋ ተቀመጠች። እቴ ሐዋ በድንጋጤ ወጡ።

“ምነው ደጅ? ግቢ እንጂ!”

“እዚሁ ይሻለኛል። እኔም ዛሬ ረመዳን ይዣለሁ፤ አዛኑን እየጠበቅኩ ነው።”

“እኔኮ አንቺ ቤት የምትበላ መስሎኝ…” አሉ እቴ ሐዋ።

“እኔም አንቺ ቤት የምትበላ መስሎኝ…” አለች እናቴ።

ተያይተው አለቀሱ፣ ወዲያው ደግሞ በራሳቸው ሳቁ። አዛን ሲል ባንድ ሰፌድ መቁረስ ጀመሩ። እናቴ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ፣ “ኑ ቅመሱ እንጂ! ሥጋ የለበትም፣ የማን ቢላዋ ነው የሚያሰኝ ነገር የለውም!” ትል ነበር። ሰው እያፈረም ቢሆን ቀመሰ። በቀጣዮቹም ቀናት እንደዚያው አደረገች፤ ወሬው ሰሚ አጣና ሞተ። እናቴ በሕይወቷ ትልቅ ንግግር አድርጋ አታውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ከዞኑ እንግዳ ይልቅ እሷ ናት የተናገረችው።

መዲና ግን አልቆየችም። ለፋሲካ ጥቂት ሲቀረው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በራችን ላይ መጥታ ቆመች። ፊቷ መመለስ ጀምሯል፤ የኔም እንደዚያው።

“ወግዲ ልመለስ ነው፣ አባቴ ዘንድ” አለችኝ።

“እኔም እመጣለሁ” አልኳት። ቀልዴን አልነበረም፤ ልብሴን ላመጣ ዞሬያለሁ።

“ይኸዋ! እኔ የፈራሁት ይህን ነው።” ክንዴን ይዛ አዞረችኝ። “የሺ፣ እኔ አንቺን ስወድ ልክ የለኝም። አንቺ ደግሞ ልክ አታበጂልኝም። እስቲ አንዴ እንኳ እምቢ በዪኝ።”

“እሺ” አልኳት።

እኔም እሷም ምን እንዳልኩ የሰማነው እኩል ነው። ትከሻዋ በሳቅ ተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ ግን ወረደ። ከዚያ ወዲያ ሳትዞር ቁልቁለቱን ወረደች። ስልክ አልደወለችም፣ እኔም ቁጥሯን አላገኘሁም። አባቷ በኋላ ጅዳ እንደላኳት፣ እዚያም እንዳገባች ሰማሁ። ሳይታወቀኝ ብዙ ወራት ትንሿን ጣቴን አጥፌ ነበር የምሄደው።

አሁን ደህና ነኝ። መካነ ሰላም መሐል ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። ጥሩ እበላለሁ፣ ደንበኞቼ ያስቁኛል፤ ዋጋ ቀንሺልን ሲሉኝ የምቆጣበትም ቀን አለ። ደስተኛ ነኝ ብል አልዋሸሁም። ያም ሆኖ እናቴ አጅባርን ስትጠራ ልቤ አንዴ ዘለለች። አልሄድም ማለት ቀላል ነው፤ እሷ በሌለችበት ማንም እምቢ ይላል። እኔ ራሴን የማላምነው ፊት ለፊት ከመጣችብኝ ነበር።

መጣችብኝ። ባለፈው ጊዜ ገበርና ክር ልገዛ ደሴ ሄጄ መናኸሪያው ውስጥ የመካነ ሰላምን አውቶቡስ ስጠብቅ፣ “የሺ!” የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ሳልዞር አወቅኋት። ወፈር ብላለች፣ አምሮባታል። በጀርባዋ ሴት ልጅ አዝላለች፤ አፍ መፍታት የጀመረች፣ ዓይኗ የእናቷን ዓይን የሚመስል። ተቃቀፍን፣ ተላቀስን፣ ስለ እናቴም ስለ እቴ ሐዋም ተጠያየቅን። ባሏ እዚያው ጅዳ እንደሚሠራ፣ እሷ አጅባር የልብስ ሱቅ እንደከፈተች ነገረችኝ። የኔን ስፌት ስትሰማ ዓይኗ በራ።

“ወላሂ አላህ ነው ያገናኘን! ማሽንሽን ጭነሽ አጅባር ነዪ። አንቺ ትሰፊያለሽ፣ እኔ እሸጣለሁ፤ ቤቱም ይበቃናል፣ አብረን እንኖራለን። እሺ በዪኝ፣ የሺዬ፤ በሞቴ!”

እጄን ይዛዋለች፣ ሙቀቷ ያው ነው። እንዲያው ይህን ሁሉ ዓመት ስትናፍቀኝ ነው የኖርኩት ለካ። አፌ እሺ ሊል ሲከፈት ተሰማኝ።

“አልመጣም፣ መዲና” አልኳት።

“ምን አልሽ?”

“እምቢ። እምቢ አልኩሽ።”

እጄን ግን አልለቀቀችም። በጣም ቀስ ብላ፣ “ዳንሽ” አለችኝ።

“አንቺስ?”

ወዲያው ረዳቱ “አጅባር! የሞላ አጅባር!” እያለ መጣራት ጀመረ። መዲና ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ወደኔ አስጠጋቻት።

“አክስትሽ ናት። በይ ሳሚያት” አለቻት።

“እምቢ!” አለች ሕፃኗ።

“አንዴ ብቻ። ሳሚያት፣ መኪናው ሊሄድብን ነው።”

“እምቢ!” ፊቷን እናቷ አንገት ሥር ቀበረች።

መዲና አሁን በሞቴ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም። የልጇን ጀርባ ቸብ ቸብ አደረገች፣ ሻርፗን አስተካከለች።

“እንግዲህ እምቢ ካለች እምቢ ነው፤ ምን አደርጋታለሁ” አለችኝና ልጇን ታቅፋ አውቶቡሱ ውስጥ ገባች።